የዕፅዋት ቫይረስ ወይስ የዕፅዋት ኬሚስትሪ፦ የተመራማሪነት ሕይወትን በየትኛው ልጀምር?

ቅጠል ፈላጊ (የክሩ ከፋች)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በባዮሎጂ አጠናቅቄ ለሁለተኛ ዲግሪ አራት ኪሎ ገብቻለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን ርእስ በቅርቡ ማሳወቅ ይጠበቅብኛል፤ ሊያማክሩኝ ፈቃደኛ የሆኑት መምህራን ሁለት ሲሆኑ መንገዳቸው የተለያየ ነው። አንደኛው የባቄላና የድንች ቫይረሶችን በመለየት ላይ እንድሠራ ይፈልጋሉ። ሁለተኛዋ ደግሞ ከአገራችን መድኃኒት ዕፅዋት ውህዶችን ነጥሎ አወቃቀራቸውን በማጥናት ላይ እንድሰማራ ጋብዘውኛል።

የእኔ ጭንቀት ርእሱ ብቻ አይደለም። አሁን የምይዘው መስመር ለሦስተኛ ዲግሪም፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሥራም መሠረት እንደሚሆን ይገባኛል። ቫይረስን ብመርጥ በአገር ውስጥ የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ነው ይሉኛል። ኬሚስትሪን ብመርጥ ደግሞ የባዮሎጂ ተማሪ ስለሆንኩ ከኬሚስትሪ ተመራቂዎች ኋላ እንደምቀር ይነግሩኛል። ሁለቱም ነገሮች ከልቤ ይስቡኛል። እንደ ታናሽ እኅታችሁ ቆጥራችሁ፣ በተለይ በሙያው ውስጥ ዓመታት ያሳለፋችሁ ሰዎች፣ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

ፒያሳ ነዋሪ

እኅቴ፣ እኔ የምሠራው በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው። ከሥራ ዕድል አንጻር ብቻ ከታየ ኬሚስትሪው ይሻልሻል ባይ ነኝ። ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን ወደ ውህዶቹ የመለየት ዘዴ) የሚችል ሰው በመድኃኒት ፋብሪካ፣ በምግብ ምርመራ፣ በቡና ጥራት ቤተ ሙከራ፣ በውሃ ምርመራ ሁሉ ሥራ ያገኛል። የዕፅዋት ቫይረስ ባለሙያን ግን ከምርምር ተቋማትና ከዩኒቨርሲቲዎች ውጭ የሚቀጥረው ብዙ አይደለም። ይህን ስል ሙያውን ማሳነሴ አይደለም፤ የኑሮውን ጉዳይም ከግምት እንድታስገቢው ብዬ ነው።

የስድስት ኪሎ መንገደኛ

የተከበርሽ ጠያቂ፣ የሥራ ዘመኔን ከፊሉን በዕፅዋት ቫይረስ፣ ከፊሉን ደግሞ በዕፅዋት ውህዶች ላይ ያሳለፍኩ አሁን በጡረታ ያለሁ ሰው ነኝና መልሴ ቢረዝም ቅር እንዳትሰኚ።

ሥራ የጀመርኩት በቫይረስ ነው። በዚያ ዘመን ዋናው መሣሪያችን ጠቋሚ ተክል ነበር። የታመመውን ቅጠል በፎስፌት በፈር (አሲድነቱ በማይለዋወጥ ፈሳሽ) በሙቀጫ እንወቅጣለን፤ ቅጠሉን በጥቂቱ የሚፍቅ ደቃቅ የካርቦረንደም ዱቄት በተነሰነሰበት ጤናማ የትምባሆ ወይም የኪኖዋ ቅጠል ላይ ጭማቂውን በስሱ እናሻለን፤ ከዚያም ቁስሉ እስኪወጣ ድረስ እንጠብቃለን። ዘዴው ሆምዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ካሳየው ነገር የመጣ ነው። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በአንድ የትምባሆ ዘመድ ቅጠል ላይ ሲታሽ ተለይተው የሚታዩ ነጠብጣቦችን ያወጣል፤ የነጠብጣቦቹ ብዛትም በጭማቂው ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ይከተላል። በዐይን የማይታየውን ነገር በቅጠል ላይ መቁጠር የተቻለው በዚህ መንገድ ነው። ኤላይዛ (ቫይረስን በፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ምርመራ) ለዕፅዋት ቫይረሶች የዋለው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ፒ ሲ አር (የዘረ መል ቁራጭን አባዝቶ የሚለይ ዘዴ) ወደ እኛ ቤተ ሙከራዎች የደረሰው ደግሞ ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ የሚያመራኝ ነገር እነሆ። አንዳንድ ተክሎች በቅጠላቸው ላይ ዥንጉርጉርነት በግልጽ እየታየ፣ ጭማቂያቸውን በጠቋሚ ተክል ላይ ብናሸው ምንም አይወጣም ነበር። ቅጠሉ ሲወቀጥ ጭማቂው ወዲያው ይጠቁራል። ምክንያቱ ፖሊፌኖሎች (ለሻይ ከረር ያለ ጣዕም የሚሰጡት ዓይነት ውህዶች) ናቸው። ሕዋሱ ሲፈርስ ከኢንዛይምና ከአየር ጋር ተገናኝተው ወደ ኩዊኖን ይለወጣሉ፤ ኩዊኖኖቹም የቫይረሱን የፕሮቲን ሽፋን ይዘው የመበከል ኃይሉን ያጠፉታል። ስለዚህ በፈሩ ላይ ሶዲየም ሰልፋይት እንጨምራለን፤ ፖሊፌኖልን የሚይዝ ፖሊመርም እናስገባለን፤ ከዚያም የተያዘውን ሁሉ በሴንትሪፊዩጅ አዝቅጠን እንጥላለን። ዛሬ አር ኤን ኤ (የብዙዎቹ የዕፅዋት ቫይረሶች ዘረ መል የተሠራበትን ሞለኪውል) ለማውጣት የምትደክሚው ድካም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከእንሰት ወይም ከኮሶ ቅጠል ንጹሕ አር ኤን ኤ ለማግኘት የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

በግቢው በሌላኛው ሕንፃ የነበሩት የኬሚስትሪ ባልደረቦቻችን ግን የሚሰበስቡት እኛ የምንጥለውን ነበር። ኮሶን የሚወቅጡት በውስጡ ያሉትን ኮሲኖች ሊያገኙ ነው፤ የብርብራን ፍሬ የሚወቅጡት በሮቴኖን ወገን ያሉትን ውህዶች ሊያገኙ ነው። ገበሬው ብርብራን ወቅጦ ወንዝ ውስጥ እየጨመረ ዓሣ ሲያደነዝዝበት የኖረው በእነዚህ ውህዶች ምክንያት ነው። ሮቴኖን ሕዋስ ኃይል የሚያመነጭበትን ሥርዓት መጀመሪያው ላይ ይዘጋዋል። ድንገተኛ የተባለውን ተክል ሥር ሲመረምሩ ደግሞ ሜዲካርፒን የተባለውን ኢሶፍላቮኖይድ አገኙ፤ ይህ ውህድ በሌሎች የጥራጥሬ ወገን ተክሎች ውስጥ ፈንገስን ለመከላከል የሚመረት መሆኑ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ሰው ለሆድ ቁርጠት የሚያኝከው ሥር፣ ለተክሉ መከላከያው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ያደረብኝ ጉጉት ነው ወደ ኬሚስትሪው የወሰደኝ።

ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ተክል ላይ ማየት ከፈለግሽ እንዶድን ተመልከቺ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ከዚያም ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን ምርምር መጀመሩን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ውስጥ ያለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ውህድ ሲሆን፣ ከሳፖኒኖቹ አንዱ በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሎ ተሰይሟል። ከእርሳቸው ጋር አብረው የደከሙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን በማሳ አወዳድረው የተሻለውን መርጠዋል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ተብሎ የሚጠራውን ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል። ይህ እንግዲህ የፍሬው ታሪክ ነው።

የቅጠሉን ታሪክ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ደጋርና አርምስትሮንግ የተባሉ አሜሪካውያን የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ከልዩ ልዩ ተክሎች ጭማቂ ጋር ሲቀላቅሉ፣ በአገራቸው የሚበቅለው የእንዶድ ዘመድ ጭማቂ ቫይረሱ ትምባሆውን እንዳይበክል እንዳደረገው አዩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን የሚያደርገው ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። ፕሮቲኑ ከራይቦዞም (ሕዋስ ፕሮቲን ከሚሠራበት አካል) አር ኤን ኤ ላይ አዴኒን የተባለች አንዲት ቁራጭ ነቅሎ ይጥላል፤ ራይቦዞሙም ከዚያ ወዲያ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። በጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ራይሲን የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ከእኛው እንዶድ ቅጠል ተመሳሳይ ፕሮቲን ተነጥሎ ዶዴካንድሪን ተባለ። ለቀንድ አውጣ ሳፖኒን፣ ለራይቦዞም ዶዴካንድሪን፤ ሁለቱም በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ናቸው። የቫይረስ ሰው ብቻ የሆነ አንዱን ያያል፤ የአነስተኛ ውህዶች ኬሚስት ብቻ የሆነ ሌላውን ያያል።

ምክሬ ይህ ነው፦ ከሙያው በፊት ጥያቄውን ምረጪ። «የትኛው ተክል፣ ከምን ጠላት፣ በምን ይከላከላል?» ብለሽ ከጀመርሽ፣ ሁለቱም መምህራንሽ ያስፈልጉሻል። ሕንፃዎቹ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው መመላለስ ለሚፈልግ ተማሪ በሩ የተዘጋ አይደለም።

የሆለታ ድንች

የጋሼን ጽሑፍ በታላቅ አክብሮት አንብቤአለሁ። እኔ የምሠራው በድንች ዘር ጤንነት ላይ ነው፤ ፒያሳ ነዋሪ የጻፉትንም አይቼዋለሁና ስለ ቫይረስ ሙያ ጥቂት ልጨምር።

ድንች የሚተከለው በራሱ ቁራጭ በመሆኑ እናቲቱ የያዘችው ቫይረስ ሁሉ ወደ ልጅ ያልፋል። ገበሬው ከራሱ ማሳ ወይም ከገበያ ያገኘውን ድንች በየዓመቱ መልሶ ሲተክል በሽታው እየተከማቸ ይሄዳል፤ ምርቱም ያለ ግልጽ ምክንያት ይቀንሳል። ገበሬው «ዘሩ አረጀ» የሚለው ይህንን ነው። ድንች ኤስ እና ድንች ኤክስ የተባሉት ቫይረሶች ብዙ ጊዜ ምልክታቸው ደካማ ስለሆነ በዐይን አይለዩም። ድንች ዋይና የቅጠል መጠቅለል ቫይረስ ደግሞ በክሽክሽ (የተክል ጭማቂ በሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) ይተላለፋሉ። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1952 ሞሬልና ማርታን የተባሉ ፈረንሳውያን በዳሊያ አበባ ላይ ካሳዩት ዘዴ የተወሰደ ነው፦ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ የማይደርስበትን የቡቃያ ጫፍ ቆርጦ በጠርሙስ ውስጥ ማሳደግ። ከዚያ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው ተባዝቶ ለዘር አምራች ይሰጣል። ስለዚህ የቫይረስ ባለሙያ በአገራችን የሚሠራው ሥራ በቀጥታ ከገበሬው ጓሮ ጋር የተያያዘ ነው።

በበቆሎም የሆነውን አስታውሱ። ገዳዩ የበቆሎ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያ ውስጥ ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እኛ ጋ ደረሰ። ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ የሚያስከትሉት ጥፋት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚያደርሱት እጅግ ይበልጣል። በስኳር ድንችም እንዲሁ ነው፤ በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው ቫይረስ የተክሉን መከላከያ ሲያዳክመው፣ በክሽክሽ የመጣውና ብቻውን እምብዛም የማይጎዳው ሌላው ቫይረስ ያለ ልክ ይባዛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው ናሙና ወስዶ «ይህ ነው» ብሎ መናገር የሚችል ሰው ነው፤ በአገሪቱ ያለን እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። የሥራ ቦታው ማነሱ እውነት ቢሆንም ሙያው ያለው ሰው ቁጥር ከዚያም ያንሳል።

ችግሩንም ልሸሽግሽ አልፈልግም። ለኤላይዛ የሚያስፈልገው ፀረ እንግዳ አካል ከውጭ የሚገባ ነው፤ የውጭ ምንዛሬ ተፈቅዶ ዕቃው እስኪደርስ የዝናቡ ወቅት ሊያልፍ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ናሙና ያስጨንቃል። በዚህ ሙያ የምትገቢ ከሆነ ጠቋሚ ተክሎችን ማሳደግና የቆየውን የማሸት ዘዴ በደንብ ተማሪ፤ ኪት በማይኖርበት ወቅት ሥራሽ እንዳይቆም ያደርግልሻል።

ቅጠል ፈላጊ

ጋሼ፣ እንዲህ ጊዜዎን ወስደው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆለታው ወንድሜም እንዲሁ። ስለ እንዶድ ቅጠል የጻፉትን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የአገራችንን መድኃኒት ዕፅዋት ጭማቂ በባቄላ ወይም በድንች ቫይረስ ላይ እየሞከርኩ የሚሠራውን ብለይ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚበቃ ሥራ ይሆናል? ሁለቱን የሚያገናኝ መስሎኝ ነው።

የክሮማቶግራፊ ባለሙያ

እኅቴ፣ በዚህ ጥያቄሽ ላይ ከጋሼ ጋር በከፊል የምለያይበትን ሐሳብ በአክብሮት ላቅርብ። እኔ በዕፅዋት ውህዶች ኬሚስትሪ የሠለጠንኩ ነኝ።

ያልተጣራ ጭማቂ በአንድ ጀርም ወይም በአንድ ቫይረስ ላይ ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ የሚጨርስ ጥናት በየዩኒቨርሲቲው ተከማችቷል። አብዛኛው ከዚያ አልፎ አይሄድም። ጋሼ ራሳቸው እንደጻፉት ማንኛውም ፖሊፌኖል የበዛበት ጭማቂ ቫይረስን በሙቀጫ ውስጥ ያዳክማል፤ ሻይ ቅጠልም ያደርገዋል። ታዲያ ውጤቱ ምን ነገረን? የተወሰነው ውህድ ተነጥሎ፣ አወቃቀሩ በኤን ኤም አርና በማስ ስፔክትሮሜትሪ (የሞለኪውልን ቅርጽና ክብደት በሚያሳዩ መሣሪያዎች) ተረጋግጦ፣ በንጹሕ መልኩ በየመጠኑ ካልተሞከረ ዕውቀት ተጨመረ ለማለት ያስቸግራል። ይህን ለመሥራት ደግሞ ኬሚስትሪን በጥልቀት መማር ያስፈልጋል፤ አንድን ኮለም (ውህዶች የሚለዩበትን ቱቦ) በትክክል መሙላት፣ ከቱቦው ተራ በተራ የሚወጡትን ክፍልፋዮች በቲ ኤል ሲ (በስስ ሰሌዳ መለያ) እየተከታተሉ ማዋሐድ፣ የኤን ኤም አርን መስመር ያለ አስረጂ ማንበብ በጥቂት ወራት የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ሁለቱን ለማጣመር የሚጣደፍ ተማሪ ሁለቱንም ሳይዝ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

በዚህች ከተማ የዕፅዋት ውህዶች ኬሚስትሪ ሊኮራበት የሚገባ ታሪክ አለው። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውህዶች ተመራማሪዎች መረብ የሆነው ናፕሬካ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። የብርብራ፣ የሬትና የድንገተኛ ኬሚስትሪ በዓለም መጽሔቶች ላይ የታወቀው ከአራት ኪሎ በወጡ ሥራዎች ነው። እነዚያ ሰዎች ለዚህ የበቁት በአንድ ሙያ ላይ ጸንተው ስለቆዩ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር አንዱን በሙሉ ልብ ያዢ፣ ሌላውን ለመረዳት በሚበቃ መጠን ብቻ አንብቢ የሚል ነው።

የስድስት ኪሎ መንገደኛ

የክሮማቶግራፊው ባለሙያ የተናገሩት ስለ ያልተጣራ ጭማቂ እውነት ነው፤ እኔም የምቃወመው አይደለም። ጥልቀት ያስፈልጋል በሚለውም እንስማማለን። የምለያይበት፣ ጥልቀት የሚገኘው በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ሲቆዩ ነው በሚለው ላይ ነው፤ በዘርፉ ከተገኙት ትልልቅ ነገሮች ብዙዎቹ የመጡት ከድንበሩ ላይ ነውና።

የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን እ.ኤ.አ. በ1935 በክሪስታል መልክ ያወጣው ስታንሊ ኬሚስት ነበር፤ በ1946 የተሸለመውም የኬሚስትሪ ኖቤል ነው። ቫይረሱ ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን አር ኤን ኤም እንዳለው በቀጣዩ ዓመት ያሳዩት ባውደንና ፒሪ አንዱ የዕፅዋት በሽታ ሰው፣ ሌላው ባዮኬሚስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ ላይ ዋይት የተባለ ተመራማሪ አስፒሪን የተወጋ ትምባሆ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን እንደሚቋቋም አሳየ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ተክሉ ራሱ ቫይረስ ሲገባበት ሳሊሲሊክ አሲድ እንደሚያመርት ታወቀ። ከአኻያ ልጥ ለትኩሳት ከሚወሰደው መድኃኒት ጋር የሚዛመደው ውህድ የተክሉ የራሱ የማንቂያ ደወል ሆኖ ተገኘ። ይህ የቫይረስ ግኝት ነው ወይስ የኬሚስትሪ?

በዘመናችን ያለውንም ላንሣ። የላም አተር ሞዛይክ ቫይረስ መጀመሪያ የተገለጸው ናይጄሪያ ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር በሚገኘው ጆን ኢንስ ማዕከል የዚህን ቫይረስ አር ኤን ኤ አንድ ክፍል ለውጠው፣ ቫይረሱ ራሱ ሳይባዛ በትምባሆ ዘመድ ቅጠል ውስጥ የተፈለገውን ፕሮቲን በብዛት የሚያመርት ዘዴ ሠሩ። በዚያው ማዕከል ያሉት የዕፅዋት ኬሚስትሪ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ የሳፖኒን መሥሪያ ኢንዛይሞችን አንድ በአንድ ወደ ቅጠሉ እያስገቡ የትኛው ምን እንደሚሠራ ለዩ። ከቺሊ ዛፍ ልጥ የሚገኘውና የወባንና የአልማዝ ባለጭራን ክትባት የሚያጠናክረው ኪው ኤስ 21 የተባለው ሳፖኒን ሙሉ የአሠራር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2024 በትምባሆ ዘመድ ቅጠል ውስጥ ተደገመ። የዚያ ሳፖኒን መነሻ ቤታ አሚሪን የተባለ ውህድ ነው፤ የእንዶድ ሳፖኒኖች አጥንት የሆነው ኦሊያኖሊክ አሲድም የሚሠራው ከዚሁ ከቤታ አሚሪን ነው። ቫይረስን የሚያውቅ ሰውና ሳፖኒንን የሚያውቅ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ስለተቀመጡ የተገኘ ነገር ነው። እኛ ጋ ደግሞ ተክሉ በየአጥሩ ላይ አለ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አንድን ሙያ በጥልቀት ትያዝ በሚለው እስማማለሁ፤ ጥያቄዋ ግን ከሁለቱም ወገን ይምጣ።

የክሮማቶግራፊ ባለሙያ

ጋሼ፣ በዚህ መልክ ከሆነ ልዩነታችን ጠባብ ነው። እንግዲያው በአንድ ሙያ ትሠልጥን፣ ከሌላው ሙያ ደግሞ ሁለተኛ አማካሪ ይኑራት ብል ይስማሙ ይሆናል።

የስድስት ኪሎ መንገደኛ

ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የዘር ጠባቂ

አንድ ያልተነሣ ጉዳይ አለ። በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። በዚህ ሙያ የሚሰማራ ተመራማሪ ናሙና ወደ ውጭ ልኮ ማስመርመሩ አይቀርም፤ ስለዚህ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትን (የማግኛ ሥርዓትን) የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ገና ተማሪ ሳለሽ አንብቢው። ፈቃድ ሳይጠየቅ ከአገር መውጣት የሌለበት ነገር አለ፤ አንድን ተክል ለምን እንደሚጠቀሙበት የነገሩሽ ሰዎችም ከጥቅሙ ድርሻ አላቸው።

እንዶድ ራሱ ለዚህ አስረጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የሐይቆችን የውሃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የተባለ ሼል ለባሽ እንስሳ በእንዶድ ለመቆጣጠር የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ተክል በሌላ አገር የባለቤትነት ሰነድ ተጻፈበት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ አዋጅ አልነበረንም።

በተቃራኒው ገብሳችን ለዓለም ያደረገውን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተለየ በኋላ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ገብስ እየዘሩ የሚቋቋመውን ፈለጉ። የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብሶች ውስጥ ነው፤ ዋይ ዲ 2 የተባለው የመቋቋሚያ ዘረ መልም ከዚያ ወጥቶ በብዙ አገሮች የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቷል። ያን ገብስ ዘር እየመረጠ ያቆየው የደጋ ገበሬያችን ነው። በቫይረስ ላይ የምትሠሪ ከሆነ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ከጭማቂ አይመጣም፤ ከጎተራም ይመጣልና ይህንንም አስቢበት።

የሆለታ ድንች

የዘር ጠባቂ የጻፉት በጣም ትክክል ነው። ለገበሬው በማሳ ላይ በቫይረስ ላይ የሚረጭ መድኃኒት ዛሬም የለንም፤ የምንረጨው ክሽክሹን ለመግደል ነው። የሚቋቋም ዝርያና ንጹሕ ዘር አሁንም ዋናዎቹ ናቸው።

ቅጠል ፈላጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም መምህራን አነጋግሬ ነበር፤ የቫይረሱ መምህሬ ዋና አማካሪ፣ የኬሚስትሪዋ መምህርት ሁለተኛ አማካሪ ለመሆን ተስማምተዋል። ጭማቂ ከመደርደር ይልቅ በእንዶድ ቅጠል ብቻ ለመጀመር፣ ቅጠሉን በክፍልፋይ ለይቼ የመከላከሉ ኃይል በፕሮቲኑ ክፍል ነው ወይስ በአነስተኛ ውህዶቹ የሚለውን ለመጠየቅ አስቤአለሁ። ጋሼ፣ ይህን ስሠራ ከመጀመሪያው ልጠነቀቅለት የሚገባኝን ቢነግሩኝ?

የስድስት ኪሎ መንገደኛ

በጣም ደስ ብሎኛል ልጄ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪም የሚመጥን ነው። እኔ የምጠነቀቅላቸውን ልንገርሽ።

አስቀድመሽ ቅጠሉን ከየት እንደቆረጥሽ፣ ከየትኛው ከፍታና በምን ወር እንደሆነ ጽፈሽ፣ ተጭኖ የደረቀውን የተክሉን ናሙና አራት ኪሎ ላለው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) አስረክቢና ቁጥሩን ተቀበዪ። የእንዶድ ውህዶች እንደ ዓይነቱና እንደ ወቅቱ ይለያያሉ፤ ያለ ናሙና ቁጥር ሥራሽን ማንም ሊደግመው አይችልም። መርካቶ የደረቀ ቅጠል መግዛት ቀላል ቢሆንም ለዚህ ጥናት አትጠቀሚበት።

ሙከራውን በግማሽ ቅጠል ሥሪ። በአንዱ ቅጠል ግራ ወገን ቫይረሱን ከክፍልፋዩ ጋር፣ በቀኙ ደግሞ ቫይረሱን ከበፈር ብቻ ጋር አሺ፤ ግራና ቀኙን በየቅጠሉ እያፈራረቅሽ። ቅጠል ከቅጠል በዕድሜና በብርሃን ስለሚለያይ ይህ ብዙ ስሕተት ያስቀርልሻል። በትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ጀምሪ፤ ጠንካራና በቀላሉ የሚቆጠር ነው። ባቄላውን አቢጫጭቶ የሚያደርቀው ቫይረስ በክሽክሽ እንጂ በማሸት ስለማይተላለፍ ለዚህ ዘዴ አይሆንም። ድንች ኤክስ ግን ይሆናል፤ ለሁለተኛ ደረጃ አቆዪው።

ከሁሉ በላይ ይህን ለዪ፦ ክፍልፋዩ ቫይረሱን ነው የገደለው ወይስ ቅጠሉን ነው የለወጠው? ቫይረሱንና ክፍልፋዩን ቀላቅለሽ ካቆየሽ በኋላ ድብልቁን በብዙ እጥፍ አቅጥነሽ አሺው። ቫይረሱ ኃይሉ ከተመለሰ አልሞተም ነበር፤ ክፍልፋዩ የሠራው በቅጠሉ ላይ ነው። ካልተመለሰ ቫይረሱን ራሱን ነክቶታል። በተጨማሪም ክፍልፋዩን ብቻውን፣ ቫይረሱን ከማሸትሽ አንድ ቀን በፊት በቅጠሉ ላይ ቀቢ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ካሸሽ በኋላ ባሉት የተለያዩ ሰዓታት ቀቢ። የራይቦዞም ፕሮቲን ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ካልደረሰ ጥቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል። አንዱን ክፍልፋይ አፍልተሽ ደግሞ ሞክሪው፤ ፕሮቲን ከሆነ በመፍላት ኃይሉን ያጣል፣ ሳፖኒኑ ግን አብዛኛውን ይቋቋማል። ፖሊፌኖሎቹን አስቀድመሽ በፖሊመሩ አስወግጂ፤ አለዚያ የክሮማቶግራፊው ወንድማችን ያነሡት ጥያቄ መልስ አይኖረውም።

ዶዴካንድሪን መርዝነት ስላለው ጓንትና የፊት መሸፈኛ ሳታደርጊ ዱቄቱን አትመዝኚ። የመጀመሪያውን ቆጠራ ስትጨርሺ ሰንጠረዡን እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።